መርዶ ያልገባበት ቤት

ሙሾ ማውረድ ካቆምኩ አንድ ክረምት አለፈ። ከደብረ ኤልያስ እስከ ደብረ ወርቅ፣ ሰው ሞተ በተባለበት ሁሉ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስዞር የኖርኩ ሴት፣ አሁን ደብረ ማርቆስ ልጄ ቤት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስሞቅ እውላለሁ። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች «እማማ አንጓች፣ ዛሬም ሥራ ጠፋ?» ይሉኛል። «አንተን እየጠበቅሁ ነዋ» እላለሁ። ይሥቁና ፍጥነት ጨምረው ያልፋሉ።

በቀደም ከዩኒቨርሲቲው ወጣቶች መጡ፤ ስለ «ባለ ሽቦዎቹ» ሊጠይቁኝ። ባለ ሽቦዎቹ በስድሳዎቹ እዚሁ ማርቆስ የተነሣ ባንድ ነው፤ አገሩን በኤሌክትሪክ ጊታር ያስጨፈረ። የራሱ ስም ነበረው፤ ሕዝቡ ግን ከመሣሪያው ሁሉ ሽቦ ሲንዘላዘል አየና ይህን አወጣለት፣ በዚያው ቀረ። እኔ ተቀባይ ነበርኩ፤ ዘፋኙ ሲያወጣ ከኋላ የምመልስ። ወጣቶቹ መቼ ተመሠረተ፣ የት የት ዞረ፣ ሸክላው እንዴት ታተመ ብለው ጠየቁ፤ የማስታውሰውን ነገርኳቸው። «መቼ ፈረሰ?» ሲሉኝ ግን መልሱ ባንድ ቃል የሚወጣ አልሆነም። እስክሪብቶ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከዘፈን ግጥም ላይ ነው፣ ያስቆጠረኝም የባንዱ መሪ ጋሸ ፈንቴ። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሡኝ።

እናቴ አልቃሽ ነበረች፤ ሥራውን ከኋላዋ እየሄድኩ ለመድኩት። ሟች ቤት ስትደርሽ ወዲያው አትጮኺም። ከሴቶቹ ጋር ጥግ ይዘሽ ትቀመጭና ትጠይቂያለሽ። ሲሥቅ እንዴት ነበር? በቅሎውን ማን ብሎ ይጠራት ነበር? ከምግብ ምን ይወድ ነበር? ስለ ጀግንነቱ ብታወርጅ ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ የበቅሎዋን ስም ስትጠሪ ነው እንባው የሚመጣ።

አንድ ጊዜ ማርቆስ አንድ ባለ ወፍጮ ሞቶ ተጠራን። እናቴን ጉንፋን ይዟት ስለ ነበር እኔ አወረድኩ። ከዳሱ ዳር ጎፈሬውን ያበጠረ፣ ሱሪው ከታች የሰፋ ቀጭን ወጣት ቆሞ ያየኛል። ለቅሶው ሲበተን ተከትሎኝ መጣ። ስሙ ልየው ነበር።

«እህቴ፣ ሰው በሕይወት እያለስ አትዘፍኝለትም?»

«ዘፈን አላውቅም።»

«ታዲያ ቅድም ያወጣሽው ምንድን ነው?»

«ሙሾ ነዋ!»

«እሱማ ያው ዘፈን ነው፤ ቀስ ያለ» አለና ሣቀ።

እናቴ ስትሰማ አልሣቀችም። «ሙሾ የለመደ አፍ ደስታ ቤት ሲገባ ደስ አይለኝም» አለች። እኔ ግን ሄድኩ። እግሬ እንደሆነ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም ነበር።

ባንዱ እኔን ጨምሮ አራት ሰው ነበር። ልየው ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናል። ጊታሩን አንድ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ መምህር ነው የሸጠለት። አንድ ከበሮ መቺ ነበረን፣ ከአፉ ቃል የማይወጣ። ጋሸ ፈንቴ ደግሞ አኮርዲዮን። እሱ ከወታደር ሙዚቃ ክፍል የወጣ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ድጓ ተምሮ ሳይጨርስ የተወ፣ ሲቆጣ ዜማ የሚያወርድ።

የጋሸ ፈንቴን ልማድ ልንገራችሁ። አዲስ አዳራሽ ስንገባ ገና ዕቃ ሳይወርድ መሐል ላይ ይቆምና አንድ ጊዜ ያጨበጭባል። ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ቤቱ ምን አለ?» ይለናል። ባዶ ቤት ዘግይቶ ይመልሳል፤ ሰው ያለበት ቤት ቶሎ ይውጠዋል። ማጉያውን በዚያ ልክ ያስቀምጠዋል፤ የእኔን ቦታ በዚያ ልክ ያሳየኛል። ከመውጣቴ በፊት ለብ ያለ የተልባ ውኃ ያጠጣኛል፤ «ጉሮሮሽን ሳይሆን መንገዱን አለስልሽው» እያለ። አንድ ጊዜ ደብረ ወርቅ፣ አሮጌ እህል መጋዘን ውስጥ ልንጫወት ገብተን አጨበጨበ። ቤቱ ባዶ ነበር፤ ድምፁ ግን ገና ከእጁ ሳይወጣ ጠፋ። ጋሸ ፈንቴ ዐይኑን ገልጦ ጥግ ጥጉን ሲያይ ቆየ። «ሞልቷል» አለ። በዚያ ቀን ውጭ፣ ሜዳ ላይ ተጫወትን። ማን እንደ ሞላው አልጠየቅነውም፤ እሱም አልነገረን።

የመጀመሪያው ትልቅ ቀናችን ደብረ ኤልያስ ነው። በገበያ ቀን። መብራት የለም። ልየው ወፍጮ ቤት ገብቶ ባለቤቱን ለምኖ ሽቦውን ከወፍጮው ሞተር ዲናሞ ጋር አገናኘው። ሞተሩ ዱብ ዱብ ሲል የከበሮው ምት ከእሱ ጋር መሄድ ነበረበት፤ ሞተሩ ሲደክም ዘፈኑም ይደክማል፣ ሲነሣ እኛም እንነሣለን። ዱቄት ለብሰን ነው የወጣነው። ጤፍ ሊያስፈጩ የመጡ ባልቴቶች አህያቸውን እንደጫኑ ትከሻቸውን ይሰብቁ ነበር። ከዚያ ቢቸና፣ ደጀን፣ ፍኖተ ሰላም ተጠራን። የሚከፈለን ለእራት የምትበቃ ነበረች።

ከዚያ ሸክላው መጣ። አዲስ አበባ ሄደን በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ዘፈን ቀረጽን። ልየው «መሸብኝ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔ ከኋላ «ገና ነው» እላለሁ። እንዲያው ይኸው ነው። ዜማውን ከእኔ ሙሾ የሰማው ነው፤ ፍጥነቱን ጨመረበት፣ ያ ቀስ ያለው ነገር ግን ከሥሩ አልጠፋም። ሲቀረጽ ልየው መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገና «እሺ፣ እንጀምር» አለ። ይቆረጣል ብለን ነበር፤ ሳይቆረጥ ታተመ። እናቱ እትየ የሻረግ ሸክላውን ባጫወተችው ቁጥር እዚያ ስትደርስ «ጀምር ልጄ» ትለው ነበር። ያኔ እንሥቅባት ነበር።

እትየ የሻረግ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ብቻ የነበራት ሴት ናት። «ነበራት» ማለቴን ብትሰማ ታባርረኛለች። ወደዚያው እየመጣሁ ነው።

ዘመኑ ከፋ። ሰው የሚጠፋበት ጊዜ ሆነ። ልየው ሁለተኛ ሸክላ ሊያስቀርጽ ብቻውን ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረ። ከሳምንት በኋላ የአውቶቡሱ ሹፌር ጊታሩን ይዞ እትየ የሻረግ በር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ዓባይ ድልድይ ላይ ለፍተሻ ወረድን። ስንሳፈር አንድ ሰው ጎደለ። ጠበቅን፤ ጠራን። ይኸ ከጣራው ላይ ቀረ።»

«እሱስ?»

«እንጃ እማማ። ሲወርድ አይቼዋለሁ።»

ጊታሩን ተቀብላ አልጋው ላይ አስተኛችው። ሰው እየተላከ ብዙ ተፈለገ። ያየው የለም፤ ሞቷል የሚልም የለም፤ ታስሯል የሚልም የለም። ባንዱ እንዲሁ ቆመ። ከበሮ መቺው ወደ አገሩ ገባ። ጋሸ ፈንቴ አኮርዲዮኑን ጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠ። እኔም ወደ እናቴ ሥራ ተመለስኩ፤ በዚያ ዘመን ሙሾ አውራጅ ሥራ አይፈታም።

ዓመታት አለፉ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች መከሩ። «ይቺ ሴት መርዶዋ ሊነገራት ይገባል፤ ልቅሶ ያልወጣለት ሰው እንዲህ አንጠልጥሎ ይገድላል» አሉ። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት አስከሬን ከሌለ ልብሱና መሣሪያው ወጥቶ ይለቀስበታል። የልየውን ካፖርትና ጊታር ግቢ ውስጥ አልጋ ላይ አደረጉ። እኔ ከቢቸና ተጠራሁ።

ስደርስ ጋሸ ፈንቴ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ወደ ቤቱ ዞሮ አንድ ጊዜ አጨበጨበ፤ ሰዎቹ ዞረው አዩት። ዐይኑን ጨፍኖ ቆየና በጆሮዬ «አንጓች፣ ተመለሽ» አለኝ።

«ጋሸ፣ የተጠራሁት እኮ ልሠራ ነው።»

«ቤቱ ቶሎ ዋጠው። ሰው አለበት።»

«እትየ የሻረግ አለች እንጂ።»

«እሷማ ጎረቤት ቤት ናት፤ ሽማግሌዎቹ እስኪጠሯት ሴቶች ይዘዋታል» አለኝ።

 ሕዝቡ ግን ነጠላውን አዘቅዝቆ ይጠብቃል። ገባሁና ጀመርኩ፦

ጊታሩ ደረሰ ባውቶቡሱ ጣራ፣
ባለቤቱን ጥሎ ከዓባይ ተራራ።

የመጀመሪያው «ወዬ» ገና ከሴቶቹ አፍ ሳይወጣ እልልታ ሰማን። እትየ የሻረግ ናት። ሴቶቹን አምልጣ በጓሮ በኩል ቤቷ ገብታ፣ የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። እልል እያለች በመሐላችን አለፈች። ሽማግሌው «የሻረግ፣ ስሚን—» ሲላት እልልታዋን በላዩ ላይ ከፍ አደረገች። ተመልሳ ገባች። ከመስኮቱ የሸክላው መንሸራተት መጣ፣ ያ የሚያውቁት ጭርጭርታ። ከዚያ ጉሮሮ መጥረግ። «እሺ፣ እንጀምር» አለ ልየው።

 ሙሾዬን ልቀጥል አፌን ከፈትኩ። ሥራዬ ነው፤ ለቅሶ ሲናድ አልቃሽ ናት የምትደግፈው። «መሸብኝ ወይ?» አለ ከመስኮቱ። ቀጥሎ የወጣው የእኔው ድምፅ ነው። ወጣት፣ ጥርት ያለ፣ ምንም የማያውቅ። «ገና ነው።» እኔ ግቢ ውስጥ ሞተ እላለሁ፣ እኔ ቤት ውስጥ ገና ነው እላለሁ።  ጋሸ ፈንቴ ያስተማረኝን ሁሉ፣ ተልባውን፣ ትንፋሹን አሰብኩ፤ አንዲት ስንኝ አልመጣልኝም። ሰዎቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በሩን ይዘው መውጣት ጀመሩ። ንፍሮው ሳይነካ ቀረ። እንዲህ ያለ ለቅሶ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ፈረሰብኝ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ የሚጠራኝ ጠፋ፤ «ሙሾ የፈረሰባት» ተባልኩና ከገበያ ገበያ ጌሾና በርበሬ እየሸጥኩ ዞርኩ። ሰው ሁሉን ይረሳል፤ ቀስ እያለ መልሶ ጠራኝ።

ጋሸ ፈንቴ ሲሞት እኔ አወረድኩለት። እትየ የሻረግ ለቅሶው ላይ መጥታ «አየሽ፣ ልየው ሲመጣ ይኸን ማን ይነግረዋል?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በማርቆስ ባለፍኩ ቁጥር እሷ ጋ አርፍ ነበር። በቤቱ ውስጥ ስለ ልየው «ነበር» አይባልም። ጎረቤቱ ሁሉ ለምዶት ነበር፤ «ልየው ጎመን አይወድም» ይላሉ፣ «ልየው ይሥቅብናል» ይላሉ፣ በዐይናቸው ያላዩት ወጣቶች ሳይቀሩ። በየፋሲካው ልብስ ሰፊ ትጠራና ለልየው ሙሉ ልብስ ታሰፋለታለች። መጀመሪያ በቀድሞ ልኩ ነበር። ከዚያ ወገቡን አስፋው ማለት ጀመረች።

«ሆዱ ይወጣል አሁን። አባቱም በዚህ ዕድሜ ነው የወፈረ።»

ሰፊው እንዳለችው ያሰፋል። ዓመታት ሄደው ሄደው ደግሞ ሱሪውን አሳጥር አለችው። «ሰው ሲያረጅ ያጥራል። ትከሻውንም ትንሽ ጣል አድርገው።» አንድ ቀን ስገባ ከበሩ ጀርባ አዲስ ከዘራ ቆሟል። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ልብሶቹን በተርታ ተሰቅለው ሳያቸው አንድ ሰው በዚያ ግድግዳ ላይ ቀስ እያለ ሲያረጅ ያየሁ መሰለኝ። ሰው ብቻውን በባዶ ልብስ ውስጥ እንዴት ያረጃል? እላለሁ፤ ግን የመጨረሻዎቹ ክርናቸው ላይ እንደ ተለበሰ ልብስ ሣሥተው ነበር። እጄን ሰድጄ ዳበስኩት። ሣሥቷል።

ባለፈው ዓመት እትየ የሻረግ ተኛች። ዕድሜዋ መቶን ተጠግቶ ነበር። ተጠርቼ ሄድኩ። የንስሓ አባቷ መምሬ ጥበቡ ደጅ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ታቅፈዋል።

«አንጓች፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ያንች የሙሾ ሥርዓት የወገን ስም ይጠራል አይደል?»

«አዎ አባቴ። በሕይወት ያለውን ሄደችብህ እንለዋለን። ቀድሞ የሞተውን መጣችልህ እንለዋለን።»

«ብትሳሳችስ?»

«ያለውን ከሙታን ብቆጥር ሟርት ነው፤ ይገድለዋል ይላሉ። የሞተውን ካሉት ብቆጥር ደግሞ መንገዱን አጥቶ በደጅ ይቆማል ይላሉ።»

መምሬ ጥበቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም እንደ አንች ነኝ። ላለ ሰው የሚጸለየው ሌላ፣ ለሞተ ሌላ። ይህን ሁሉ ዘመን ካሉት ጋር ሳነሣው ኖርኩ፤ እሷ ስለ ለመነችኝ። ሞቶ ከሆነ ፍትሐት የተነፈገች ነፍስ በእኔ እጅ አለች። እናቱ ስታርፍ ሁለቱን አብሬ ልፍታ እላለሁ። ሕዝቡም ያንን ይፈልጋል። ግን አንች ለቅሶው ላይ እንዳልሽው ነው የሚሆን፤ ሕዝብ ፊት የተባለ ነገር አይመለስም።»

«አባቴ፣ ይኸን እንዴት በእኔ ላይ ይጥሉታል?»

«እኔ ላይስ የጣለው ማን ነው?» አሉ።

ገባሁ። እትየ የሻረግ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ እንደ ጭራሮ ነው።

«አንጓች፣ አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ እትየ።»

«ለእኔ አውርጂ። እንደ ወጉ፣ አሳምረሽ። ሰውን አስለቅሽልኝ።»

«እሺ እትየ።»

«የእሱን እንዳትነኪ። ሌላ አልልሽም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ እኮ ሞኝ አይደለሁም አንጓች። ሁሉም ሞተ እያለ የሚጠራው ሰው ወዴት ይምጣ? አንዲት ሴት እንኳ አለ ትበል።»

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አረፈች።

እድሩ ድንኳን ተከለ። የወንድሟ ልጅ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ፤ ሌላ የቅርብ ሐዘንተኛ የለም። የመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ የቤቱን ወሬ የሰማ ሁሉ ምን እንደምል ሊሰማ መጥቷል። መምሬ ጥበቡ ቆመው ያዩኛል። ጀመርኩ። ደጇን አወረድኩ፣ እጇን አወረድኩ፣ የፋሲካ ቀሚሷን ስጠራ ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። ሰው አለቀሰልኝ። ከዚያ ወገኗ ጋ ደረስኩ። አባቷን ጠርቼ መጣችልህ አልኩ። ባሏን ጠርቼ መጣችልህ አልኩ። ቀጥሎ እሱ ነው።

 ጣራው ላይ ነፋስ ሸራውን ያነሣና ይጥላል።  በደጅ የሚቆም ነፍስ አሰብኩ። ከአውቶቡስ የወረደ፣ ማንም ዳግመኛ ያልጠራው ሰው አሰብኩ። ፍትሐቱን እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሳይጸለይለትም የሚያውቀው ነው። እሷ ግን የጠየቀችው እኔን ነው።

ልየው ልጇ ስማ ከቆምክበት ቦታ፣
እናት ሄደችብህ መንገድህን አይታ።

አንዲት ሴት «ኧረ» አለችና አፏን ያዘች። መምሬ ጥበቡ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ዝቅ አደረጉ። የወንድሟ ልጅ ደግሞ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ፍራሹ ላይ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተከፈተ።

ሙሾው ሲያበቃ ሰው እንደ ልማዱ ለመሰናበት ተሰለፈ። የመጀመሪያው ሽማግሌ የወንድሟን ልጅ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለውና ሊያልፍ ሲል ቆመ። ከዚያ ወደ ባዶው ቦታ ጎንበስ ብሎ «ያጽናህ» አለ። ከኋላው ያለውም እንዲሁ። ሴቶቹም። ከስልኩ ላይ ዐይኑን የማያነሣው የልብስ ሰፊው ልጅ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጎንበስ አለ። የሣቀ አልነበረም። መምሬ ጥበቡ መጨረሻ ላይ መጡ፤ መስቀላቸውን ወደ ወንድሟ ልጅ ግንባር አስጠጉ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርገው ወደ ጎን፣ ተቀምጦ የሚሳለም ሰው ከንፈር በሚደርስበት ያዙት። ትንሽ አቆዩት። ልየውን ካሉት ጋር ማንሣታቸውን ዛሬም አልተዉም።

ሁሉም ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ተጎንብሼ «ያጽናህ ወንድሜ» አልኩ። ሐዘንተኛ ሲያጽናኑት ቀስ ብሎ «አሜን» ማለት ወጉ ነው፤ የሚያጽናናውም ያንን ሰምቶ ነው የሚሄድ። እኔ ግን ቢመልስም ባይመልስም መስማቱን ፈርቼ፣ ሳልጠብቅ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም አላወረድኩም።